የኤለመንት ቅደም ተከተል ይገደድ ወይስ ይለቀቅ? በቡና ርክክብ ፋይል ተጣልተናል

አዌቱዳር · ነሐሴ 26፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ እኛን ግን ቢሮ ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ አጨቃጭቆናል።

እዚሁ ጅማ ለአንድ የቡና ገበሬዎች ዩኒየን ሲስተም እየሠራን ነው። አባል ማኅበራቱ ቀን ቀን በየማጠቢያ ጣቢያቸው ቀይ እሸት ይረከቡና ማታ የዕለቱን ርክክብ በኤክስኤምኤል ፋይል (መረጃውን ታግ በሚባሉ የስም ምልክቶች መሀል የሚይዝ ጽሑፍ ነው፤ ታጉ ከነይዘቱ ኤለመንት ይባላል) ወደ ዩኒየኑ ይልካሉ። ገሚሱ እኛ የሠራነውን ፕሮግራም ነው የሚጠቀመው። ገሚሱ ድሮ ያሠራው የራሱ አለው። አንዱ ማኅበር ደግሞ ከኤክሴል በማክሮ ነው የሚያወጣው፤ ማክሮውን የጻፈው ልጅ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ስልክ አያነሳም። ለነዚህ ሁሉ አንድ ስኪማ (ፋይሉ ምን ምን፣ እንዴት መያዝ እንዳለበት የሚደነግግ ሰነድ) መጻፍ እኔ ላይ ወደቀ። አንድ መዝገብ ይህን ይመስላል። የታጎቹ ስም በእውነቱ እንግሊዝኛ ነው፤ እዚህ ግን በአማርኛ ላድርገው፦

<ርክክብ>
  <ቀን>2018-02-05</ቀን>
  <አርሶአደር>
    <ስም>ከድር</ስም>
    <ስም>ጀማል</ስም>
    <ስም>ከድር</ስም>
  </አርሶአደር>
  <ክብደት>51</ክብደት>
  <ዋጋ>…</ዋጋ>
  <ጆንያ>1</ጆንያ>
</ርክክብ>

(51 ኪሎ ያልኩት ሦስት ፈረሱላ እንዲሆንልኝ ነው። ስሙም ለምሳሌ ነው።)

አንዱ ባልደረባዬ «በሲኩዌንስ ቆልፈው፤ ከተራው ውልፍት ያለ ፋይል አይግባ» ይላል። ሌላዋ ደግሞ «ቀኑ ከክብደቱ ቢቀድም ባይቀድም ማን ይጎዳል? በኦል ልቀቀው» ትላለች። (ሲኩዌንስ ተራውን ያስገድዳል፣ ኦል በፈለጉት ተራ እንዲመጡ ይፈቅዳል።) እኔ መሀል ላይ ነኝ።

እንዲህ የተጨነቅሁት ያለ ነገር አይደለም። አምና በራሱ ፕሮግራም ከሚልክ አንድ ማኅበር የመጡ ፋይሎች ያለ አንዳች ስህተት ይገቡ ነበር። ክብደቱ ልክ ነው። ዋጋውና የጆንያው ብዛት ግን ዜሮ። ሰርቨሩ አንድም ቀን አልጮኸም። ያወቅነው በ11ኛው ቀን የክፍያ ዝርዝር ሲታተም፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ «ይኼ ሁሉ ገበሬ በነጻ ነው እንዴ ያስረከበው?» ስትል ነው። በእጅ አስተካክለን አለፍነው። ነገሩ ከታጎቹ ተራ ጋር እንደሚያያዝ እንጠረጥራለን እንጂ ምክንያቱን እስከ ዛሬ አላገኘነውም። የጥቅምት ለቀማ ሳይጀመር መወሰን አለብኝ።

ጀንፈል · ነሐሴ 26፣ ከምሽቱ 3፡14

ኤክስኤምኤሉን ትተህ ጄሰን ተጠቀምና ተገላገል። ቀጣይ ጥያቄ።

ቆጪ_ኮድ · ነሐሴ 26፣ ከምሽቱ 3፡31

አምና ዜሮ የሆነባችሁን ከዚህ ሆኜ ልነግርህ የምችል ይመስለኛል። ሰርቨሩ በማይክሮሶፍቱ ዶት ኔት ነው የተሠራው? ፋይሉን አንብቦ ወደ ፕሮግራሙ የሚያስገባው ዳታኮንትራክት ሰሪያላይዘር ነው? እስቲ የአምስቱን ታጎች የእንግሊዝኛ ስም ጻፍልኝ።

አዌቱዳር · ነሐሴ 26፣ ከምሽቱ 3፡35

አዎ፣ ሁለቱም። ዴት፣ ፋርመር፣ ዌይት፣ ፕራይስ፣ ባግስ። ማኅበሩ የሚልከው በዚሁ ተራ ነው።

ቆጪ_ኮድ · ነሐሴ 26፣ ከምሽቱ 3፡58

በቃ እሱ ነው። ይህ ሰሪያላይዘር ተራውን አንተ ካልነገርከው አባላቱን በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ነው የሚያሰልፋቸው፦ ባግስ፣ ዴት፣ ፋርመር፣ ፕራይስ፣ ዌይት። ሲጽፍ በዚያ ተራ ይጽፋል፣ ሲያነብም በዚያ ተራ ይጠብቃል። የእናንተ ፕሮግራም የሚጽፈው በዚያው ስለሆነ ችግር አልታየም።

የዚያን ማኅበር ፋይል አሁን አብረን እናንብብ። ቀን መጣ፣ ገባ። አርሶ አደር መጣ፣ ገባ። ከዚያ ክብደት መጣ። ክብደት በሰሪያላይዘሩ ሰልፍ ውስጥ የመጨረሻው ነው፤ እዚያ ከደረሰ በኋላ ወደ ኋላ አይመለስም። ቀጥለው የመጡትን ዋጋንና ጆንያን እንደማያውቃቸው ታጎች ዘሎ አለፋቸው። «ግዴታ ናቸው» ተብሎ ካልተጻፈበት ደግሞ ስህተት አይሰጥም፤ ቁጥሩን በዜሮው ይተወዋል። ክብደቱ ልክ ሆኖ የቀረው ዜሮ የሆነው ለዚህ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ሌላ ቦታ፣ በሰው ደመወዝ ላይ ነው። ዝርዝሩን አታስወሩኝ።

ስለዚህ የኔ መልስ ሲኩዌንስ ነው። ስኪማው ተራውን ቢቆልፍና ከማንበባችሁ በፊት ቫሊዴት ብታደርጉ (ፋይሉን ከስኪማው ጋር ብታመሳክሩ) ኖሮ ያ ፋይል የመጀመሪያው ቀን ላይ ተመልሶ ነበር። 11 ቀን አትከርሙም።

ሄርማታ · ነሐሴ 26፣ ከምሽቱ 4፡20

ከዚሁ ታሪክ እኔ የምወስደው ተቃራኒውን ነው። ጥፋቱ የማን ነው? ማኅበሩ ክብደት ብሎ ክብደት ላከ፣ ዋጋ ብሎ ዋጋ ላከ። ስሙ ላዩ ላይ ተጽፎ ሳለ ቦታውን እያየ የፈረደው የእናንተ አንባቢ ነው። ስም ያለውን ነገር በቦታው የሚያነብ ኮድ ነው መታረም ያለበት። በዚያው ዶት ኔት ውስጥ ያለው ኤክስኤምኤል ሰሪያላይዘር፣ ተራ ስጠው ካላልከው በቀር፣ በስም ነው የሚያነበው። እሱን ብትጠቀሙ ኖሮ ይህ ክር አይከፈትም ነበር።

ቆጪ_ኮድ · ነሐሴ 26፣ ከምሽቱ 4፡26

ሄርማታ፣ አንባቢው አንድ ብቻ ከሆነ ልክ ነህ። ነገ ባንኩ ሲያነብ፣ ኦዲተሩ ሲያነብ፣ ሌላ ልጅ ሌላ ላይብረሪ ይዞ ሲመጣስ? የሁሉንም ኮድ አንተ አትጽፍላቸውም። ስኪማ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

ጀንፈል · ነሐሴ 26፣ ከምሽቱ 4፡29

አቦልን፣ ቶናንና በረካን በኦል ብታስገቡልን በረካን መጀመሪያ ልንጠጣ ነው? ጅማ ላይ ሆናችሁ እንዲህ ዓይነት ስኪማ አታውጡብን።

ሄርማታ · ነሐሴ 26፣ ከምሽቱ 4፡37

ሳታውቀው ለኔ መሰከርክልኝ። አቦል የትም መስመር ላይ ብትጽፈው የመጀመሪያው ስኒ ነው፤ ስሙ ራሱ ተራውን ተሸክሟል። ሦስቱንም «ስኒ» ብለህ ብትጽፍ ነው ተራ የሚያስፈልግህ።

ሽበቱ · ነሐሴ 27፣ ጠዋት 1፡45

ልጆች፣ ሁለት ጥያቄ አንድ ላይ ቋጥራችሁ ነው የምትጨቃጨቁት። አንደኛው፣ ተራው ትርጉም አለው ወይ? ሁለተኛው፣ ስኪማው ተራውን ያስገድድ ወይ? የአንዱ መልስ የሌላውን አይወስንም።

ትርጉም የሌለውን ተራ ማስገደድ ይቻላል። ቅጽ ሁሉ እንዲያ ነው። ቀበሌ የምትሞሉት ቅጽ ላይ ዕድሜ ከጾታ በፊት የመጣው ትርጉም ኖሮት ሳይሆን መዝጋቢው ዓይኑ ሳይንከራተት እንዲያገኘው ነው። በሌላ በኩል ትርጉም ያለውን ተራ ስኪማው ጨርሶ ላያውቀው ይችላል። የአንድ ደብዳቤ ሁለት አንቀጾች ቦታ ቢቀያየሩ ቫሊዴተሩ ዝም ይላል፤ ደብዳቤው ግን ተበላሽቷል።

ስለ ታሪኩም ትንሽ ልበል፤ ዕድሜዬ ይፈቅድልኛል። የኤክስኤምኤል እናት የሆነው ኤስጂኤምኤል እ.ኤ.አ. በ1986 የአይኤስኦ ስታንዳርድ ሲሆን ሦስት ማገናኛዎች ነበሩት። ኮማ «በዚህ ተራ» ነው። ቀጥ ያለው መስመር «ከነዚህ አንዱ» ነው። የ«እና» ምልክት ደግሞ «ሁሉም ይምጡ፣ በፈለጉት ተራ» ነበር። በ1998 ኤክስኤምኤል 1.0 ሲወጣ ይህን ሦስተኛውን ጣሉት፤ ፓርሰር (ፋይሉን የሚተነትን ፕሮግራም) ለሚጽፍ ሰው ራስ ምታት ነበረና። ሦስት ነገር በፈለገው ተራ ማለት 6 አደራደር ነው። አምስት ሲሆን 120፣ አሥር ሲሆን 3,628,800። እኛ በሲኩዌንስ ያደግነው ሲኩዌንስ የተሻለ ሆኖ ሳይሆን ሌላ መሣሪያ ስላልተሰጠን ነው። በ2001 ኤክስኤስዲ (ዛሬ ስኪማ የምንጽፍበት ቋንቋ) መጣና «ኦል» ብሎ መለሰው፤ ግን እጅና እግሩን አስሮ።

አዌቱዳር፣ መጀመሪያ የመጀመሪያውን ጥያቄ መልስ። ሁለተኛው ከዚያ በኋላ የመሣሪያ ጉዳይ ነው።

አዌቱዳር · ነሐሴ 27፣ ጠዋት 3፡02

ጋሼ ሽበቱ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቢሮ ገብቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ለአንድ አፍታ ዝም አሉ፤ ከዚያ እንደገና ተጣሉ።

ቆጪ፣ ያልከውን ሞከርኩት። ያኔ የመጣውን አንድ ፋይል አውጥቼ ዋጋን ከክብደት በፊት አደረግሁት። ዋጋው ገባ፤ ጆንያው ዜሮ እንደሆነ ቀረ። በትክክል ያልከው ነው። ሰውነቴን ቀዘቀዘኝ።

«እጅና እግሩን አስሮ» የተባለውን ግን የሚያብራራልኝ አለ?

ሄርማታ · ነሐሴ 27፣ ከቀኑ 6፡15

እኔ ላብራራ። ተማሪዎች በየዓመቱ የሚወድቁበት ቦታ ስለሆነ በቃሌ ነው።

በኤክስኤስዲ 1.0 ኦል ውስጥ ያለ ኤለመንት አንዴ ይመጣል ወይም አይመጣም፤ ሁለቴ መምጣት የለም። ኦልን ሲኩዌንስ ውስጥ ወይም ቾይስ («ከነዚህ አንዱ» የሚለው) ውስጥ መክተት አይቻልም፤ ብቻውን ነው የሚቆመው። በኦል የሠራኸውን ዓይነት ኋላ በውርስ ላስፋው ብትል እምቢ ይልሃል። በ2012 የወጣው 1.1 አብዛኛውን ፈቶታል፤ መደጋገም ይፈቅዳል፣ ማስፋትም ይፈቅዳል። ግን ከዶት ኔት ጋር የሚመጣው ቫሊዴተር 1.0 ላይ ነው የቆመው፣ ሊብኤክስኤምኤል2 የሚባለው ላይብረሪም እንደዚያው። 1.1 ከፈለግህ ዜርሴስ ወይም ሳክሰን ወደሚባሉት ፕሮግራሞች ነው የምትሄደው።

ብዙ ሰው ይህን ለማምለጥ ቾይስን ያልተገደበ ጊዜ እንዲደጋገም ያደርገዋል። ተራው ነጻ ወጣ፣ አዎ፤ ግን ቆጠራውም አብሮ ሄደ። ዋጋ የሌለው ርክክብ ያልፋል፣ ሁለት ዋጋ ያለውም ያልፋል። ያን አታድርግ። ሁሉንም አደራደር በየተራ ልዘርዝር ብትል ደግሞ «ሀ፣ ለ፣ ሐ» እና «ሀ፣ ሐ፣ ለ» ሁለቱም በሀ ስለሚጀምሩ፣ ሀ ሲመጣ የየትኛው እንደሆነ ወደ ፊት ሳያይ መወሰን አይችልምና ስኪማው ራሱ ውድቅ ይሆናል። ያ ደንብ ዩፒኤ ይባላል፤ ስንቱን አስለቅሷል።

እኔን ብትጠይቀኝ ለዚህ ዓይነት ነገር ሪላክስ ኤንጂ የሚባለውን ሌላ የስኪማ ቋንቋ ነው የምወደው። ጄምስ ክላርክና ሙራታ ማኮቶ የሠሩት ነው። «ኢንተርሊቭ» የሚለው ነገር አለው፤ ጋሼ ሽበቱ ያሉት የጠፋው የ«እና» ምልክት በአጭሩ አጻጻፍ ተመልሶ መጥቷል፣ ያለ እስር። የአተም ፊድ (የድረ ገጽ ዜና መከታተያ) ስታንዳርድ፣ አርኤፍሲ 4287 የተባለው የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ፣ በ2005 ሲወጣ ስኪማውን በዚህ ነው የጻፉት። በኤንትሪ (በአንዱ የዜና መዝገብ) ውስጥ ላሉት ንዑስ ኤለመንቶች ተራ ምንም ትርጉም እንደማይሰጥ በጽሑፉም አስቀምጠውታል። አሁን የምወደው እሱን ነው፦ ተራ ትርጉም ከሌለው፣ የለውም ብለህ ጻፈው።

አንተ ጋ ደግሞ እድለኛ ነህ። በርክክብህ ውስጥ እያንዳንዱ ነገር አንዴ ነው የሚመጣው። የ1.0 ኦል ራሱ ይበቃሃል።

ሰቃ · ነሐሴ 27፣ ከቀኑ 7፡40

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ታጎቹን እዚህ በአማርኛ ላድርጋቸው አልክ። እውነትም በአማርኛ ብታደርጋቸው ይሠራል፤ ግን ሁልጊዜ አይሠራም ነበር። የ1998ቱ ኤክስኤምኤል 1.0 ለታግ ስም የፈቀደው በዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ሰንጠረዥ) 2.0 ውስጥ የነበሩትን ፊደላት ብቻ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ3.0፣ በ1999 ነው። ስለዚህ በታጎቹ መሀል የሚጻፈው ጽሑፍ አማርኛ ይሁን፣ ችግር የለም፤ <ክብደት> የሚል ታግ ግን ፋይሉን ብልሹ ያደርገው ነበር። በ2004 ለዚህ ሲሉ ኤክስኤምኤል 1.1ን አወጡ፤ የተጠቀመበት ሰው ጥቂት ነው። በመጨረሻ በ2008 የ1.0 አምስተኛ እትም በሩን ከፈተው። በድሮ ፓርሰር ላይ እስካሁን «ክ» ስትደርስ የሚወድቅ አለ።

ጀንፈል · ነሐሴ 27፣ ከቀኑ 7፡44

የኛ ፊደል ዓመት ከመንፈቅ ዘግይቶ ደረሰና አሥር ዓመት አሰለፉት። ከባንክ ወረፋ ይብሳል።

እሙ_ረያን · ነሐሴ 27፣ ከምሽቱ 2፡20

አሰላሙ አለይኩም። እኔ የናንተ ዓይነት ፕሮግራመር አይደለሁም፤ ግን ኤክስኤምኤል ቀኑን ሙሉ ነው የምጽፈው። የመንዙማ ጽሑፎችን፣ በዓጀም (በዓረብኛ ፊደል) የተጻፉትንም፣ በቲኢአይ (ጽሑፎችን በኤክስኤምኤል ለመመዝገብ በወጣው) መመሪያ ወደ ኮምፒውተር እናስገባለን። እኔ ጋ ተራ ማለት ራሱ ሥራው ነው። አዝማቹ ከስንት ስንኝ በኋላ እንደሚመለስ፣ አንዱ ቅጂ ላይ ሦስተኛ የሆነው ስንኝ ሌላው ላይ አምስተኛ መሆኑን፤ የምንመዘግበው እሱን ነው። ሁሉም ታግ «ስንኝ» ነው የሚለው፤ ቦታውን ብታነሱበት የሚለየው ነገር የለም። ስለዚህ «ተራ ዋጋ የለውም» የሚል ሰው ስሰማ ትንሽ ይከፋኛል።

ወደ አዌቱዳር ጥያቄ ልምጣ። ምሳሌህን ሳነብ አንድ ነገር ዓይኔ ገባ፤ እስካሁን ማንም አላነሳውም። ስለ ቀንና ስለ ዋጋ ትከራከራላችሁ፤ እነሱ የትም ቢሆኑ ይታወቃሉ። ተራው ትርጉም ያለው አርሶ አደሩ ውስጥ ነው። ሦስት <ስም> አለ። አንደኛው የራሱ፣ ሁለተኛው የአባቱ፣ ሦስተኛው የአያቱ። ይህን የሚናገር ከተራው በቀር ምንም የለም። እኛ አገር ደግሞ ልጅ በአያቱ ስም ይጠራል። ከድር ጀማል ልጅየው ነው፤ ጀማል ከድር አባትየው ነው። ሁለቱም አንድ ቀበሌ ናቸው፣ ሁለቱም ለአንድ ጣቢያ ያስረክባሉ። አንዱ ሶፍትዌር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስሞች አቀያይሮ ቢልክ የልጁ ብር ለአባቱ ይከፈላል፤ የትኛውም ስኪማ አይዛችሁም። ሲኩዌንስ ብትሉ ሦስቱም አንድ ዓይነት ታግ ናቸውና ያልፋሉ።

አዌቱዳር · ነሐሴ 27፣ ከምሽቱ 2፡33

ወዓለይኩሙ ሰላም። እሙ፣ ይህን ያነበብኩት ቆሜ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ትርጉም በሌለው ተራ ተጣልተን፣ ትርጉም ያለውን አንዱን ቦታ ማናችንም አላየነውም። በምሳሌዬ ላይ ራሱ ከድር ጀማል ከድር ብዬ ጽፌ!

ሽበቱ · ነሐሴ 27፣ ከምሽቱ 3፡00

እኔም አልፌው ነበር። እሙ ረያን፣ ዓይንሽ ይባረክ።

ቆጪ_ኮድ · ነሐሴ 27፣ ከምሽቱ 3፡15

ይሄኛው ላይ ከሁላችሁም ጋር ነኝ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብላችሁ ሦስት የተለያየ ታግ ስጡትና ገላግሉት። የእሙ ስንኞች ግን ስም ሊወጣላቸው አይችልም፤ እዚያ ተራው ይኖራል።

ለጀንፈልም በነካ እጄ። ጄሰን ይህን ጥያቄ አይገላግልም፤ ቀድሞ እንድትመልሰው ያስገድድሃል እንጂ። ጥምዝ ቅንፍ ከከፈትክ ተራ የለውም፣ ማዕዘን ቅንፍ ከከፈትክ አለው። ኤክስኤምኤል ላይ ግን ኤለመንት ሁሉ ባለ ተራ ነው፣ አትሪቢዩት (ታጉ ውስጥ የሚጻፍ ባሕርይ) ሁሉ ተራ የለውም፤ ትርጉም ሰጥተህ አልሰጠህ ፓርሰሩ አያውቅልህም።

ርክክቡ ላይ ግን አሁንም ሲኩዌንስ ነኝ፤ ፋይሉ ላይማ ጨርሶ አልደራደርም። የማኅበሩ ኮድና የጣቢያው ስም ከላይ መምጣት አለባቸው። በለቀማው ጫፍ ላይ አንድ ፋይል ብዙ ሺህ መዝገብ ይይዛል፤ በጅረት እያነበብክ አንድ ርክክብ በመጣ ቁጥር ወደ ዳታቤዝ ትጥላለህ። የማን እንደሆነ ሳታውቅ የት ልትጥለው ነው? ኮዱ መጨረሻ ላይ ከመጣ ሁሉንም ሚሞሪ ላይ ይዘህ ትጠብቃለህ። ድምሩ ደግሞ ከታች፤ የሚልከው ሰውም እየጻፈ እየደመረ ነው የሚሄደው፣ ሳይጨርስ ድምሩን ከየት ያመጣል? በወረቀቱ መዝገብም እኮ ጠቅላላ ድምር ከገጹ ግርጌ ነው።

ሄርማታ · ነሐሴ 27፣ ከምሽቱ 3፡41

የፋይሉን ተራ አልከራከርህም፤ እሱ ምክንያት አለው። መዝገቡ ውስጥ ግን አምስት ትንንሽ ነገር ነው፤ አንድ ላይ ታነባቸዋለህ፣ ምን ጅረት ያስፈልጋል? የኤክሴሉን ማኅበር አስበው። ማክሮውን የጻፈው ልጅ የለም። ዋጋን ከክብደት በፊት አስቀምጧል ብለህ ፋይሉን ብትመልስበት የሚያስተካክል ሰው የለም። ገበሬው ነው ብሩን የሚጠብቀው።

ቆጪ_ኮድ · ነሐሴ 27፣ ከምሽቱ 3፡52

ይህ ከኢንተርኔት ቀያሾች አንዱ የነበረው የጆን ፖስተል ምክር ነው፣ ከ1980 ጀምሮ የምንሰማው፦ ስትልክ ጥብቅ፣ ስትቀበል ለቀቅ። ዞሮ ዞሮ በ2023 በወጣው አርኤፍሲ 9413 ላይ መዘዙ በደንብ ተጽፏል። ዛሬ ዝም ብለህ የተቀበልከው ስህተት ነገ ሌላው ሰው የሚጠብቅብህ ደንብ ይሆናል። ያ ማክሮ በዚህ ዓይነት ለአሥር ዓመት አይታረምም።

ሄርማታ · ነሐሴ 27፣ ከምሽቱ 3፡55

ተራ ትርጉም የለውም ብለህ ከጻፍክ እኮ ስህተት አልተቀበልክም። ስህተት የሚሆነው አንተ ደንብ ስታደርገው ነው።

ቆጪ_ኮድ · ነሐሴ 27፣ ከምሽቱ 3፡57

እሺ፣ ይሄኛው ጥሩ መልስ ነው። አልተስማማሁም፣ ግን ጥሩ ነው።

ሰቃ · ነሐሴ 28፣ ጠዋት 2፡30

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ፋይሎቹን በዲጂታል ፊርማ ለማሸግ ካሰባችሁ፣ ካኖኒካል ኤክስኤምኤል (ከመፈረሙ በፊት ፋይሉን ወደ አንድ ወጥ አጻጻፍ የሚያመጣው ደንብ) አትሪቢዩቶችን በፊደል ተራ ይደረድራቸዋል፣ ኤለመንቶችን ግን አይነካቸውም። ትርጉም የለውም ያላችሁትን ተራ መሀል ላይ ያለ ሰው ቢያስተካክልላችሁ ፊርማው ይሰበራል። የመጣውን እንደመጣ አስቀምጡት፣ የምታስተካክሉት በቅጂው ላይ ይሁን።

ደግሞ ያ ቀን በኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ?

አዌቱዳር · ነሐሴ 28፣ ጠዋት 2፡41

ስለ ፊርማው ገለቶማ፣ አላሰብኩትም ነበር። ምሳሌው ላይ እኔ ራሴ በኛ ነው የጻፍኩት፤ በስኪማው በፈረንጅ ነው የሚሆነው። እሱ ሌላ ክር ነው፣ አሁን ተራውን እንጨርስ።

አዌቱዳር · መስከረም 9፣ ከምሽቱ 1፡20

የወሰንነውን ልጻፍላችሁ። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶብኝ ሦስተኛ ጊዜ ነው የምጽፈው።

ፋይሉ ሲኩዌንስ ሆኗል፦ ራስጌ፣ ርክክቦች፣ ድምር። ርክክቡ ኦል ሆኗል፣ እያንዳንዱ አንዴ፣ በ1.0። ስሞቹ ሦስት የተለያየ ታግ ሆነዋል። በመመሪያው ሁለተኛ ገጽ ላይ «በርክክብ ውስጥ ያሉ ኤለመንቶች ተራ ምንም ትርጉም የለውም፤ በቦታው የሚያነብ ፕሮግራም ስህተት ነው» ብለን ጻፍን። ምሳሌዎቹን ሁሉ ግን በአንድ ተራ ነው የጻፍናቸው። ሰው መመሪያ አያነብም፣ ምሳሌ ነው የሚገለብጠው፤ ቆጪ በዚህ ይጽናና። ሰሪያላይዘሩን ቀየርነው፣ የአምናዎቹን የ11 ቀን ፋይሎች መልሰን አስገባን፣ ዋጋውም ጆንያውም ገባ።

ለከርሞ የእርጥበት መጠን ይጨመር ቢሉ ኦሉን ማስፋት እንደማንችል እናውቃለን። አዲስ እትም እናወጣለን፣ ሌላ መንገድ የለም።

ቆጪ_ኮድ · መስከረም 9፣ ከምሽቱ 1፡48

ከርሞ እንገናኝ እንግዲህ።

አዌቱዳር · ኅዳር 2፣ ከምሽቱ 4፡05

ክሩን ላንሳው። እስካሁን በተራ ምክንያት የተመለሰ አንድም ፋይል የለም። የኤክሴሉ ማኅበር ዋጋን ከላይ፣ ቀንን ከታች አድርጎ ይልካል፣ ይገባል።

የመጀመሪያው ውድቅ ፋይል ግን የመጣው ከዚያው ማኅበር ነው፣ ጥቅምት 29። ቫሊዴተሩ «2018-02-29 ቀን አይደለም» አለ። በማግስቱ 2018-02-30፣ እንደገና ውድቅ። ማክሮው ቀኑን በኛ አቆጣጠር ነው የሚጽፈው። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነው፤ ለስኪማው ግን ፌብሩዋሪ ነው፣ ያውም 28 ቀን ያለው። ከጥቅምት 1 እስከ 28 የላከው በሙሉ ያለ ስህተት ገብቶ በፌብሩዋሪ 2018 ተመዝግቧል፤ ስምንት ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ርክክብ ሆኗል። ሰቃ፣ ጠይቀኸኝ ነበር። አሁን ሒሳብ ሠራተኛዋ አታናግረኝም።

ሰቃ · ኅዳር 2፣ ከምሽቱ 4፡11

ዛሬ ምንም አልልም። ጳጉሜን ሲመጣስ? 13ኛ ወር ብሎ ሲልክ?

አዌቱዳር · ኅዳር 2፣ ከምሽቱ 4፡13

ጳጉሜን ላይ እሸት ቡና የለም።

ጀንፈል · ኅዳር 2፣ ከምሽቱ 4፡14

እሸት የለም። ጀንፈል ግን አለ።